«አንድ ድምፅ» ስለሚባለው ነገር፤ የውጭ ንግድ ድርድር ሥልጣን በማን እጅ እንደ ሆነ

ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ ከተማ፣ በሐይቁ ዳር በተሠሩት የፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ ማለዳ የተቈረጠ ጽጌረዳ በማቀዝቀዣ መኪና ተጭኖ በመቂና በሞጆ በኩል ወደ ቦሌ ይወጣል፤ ከዚያም በአውሮፕላን ተሳፍሮ ኔዘርላንድ ወይም ቤልጅግ ይገባል። እዚያ የደረሰ የኢትዮጵያ አበባ ቀረጥ አይከፈልበትም። ይህ መብት ከየት መጣ? ሰጪውስ ሊነሣን ቢፈልግ በየትኛው ቤት፣ በማን ፊርማ ይነሣል? ይህን ጥያቄ ለጓደኞቻችን ባቀረብንላቸው ጊዜ አብዛኞቹ «የአውሮፓ ኅብረት ነዋ!» ብለው መለሱልን። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን «ይህን መሬት ለእገሌ ማን ሰጠው?» ተብሎ ሲጠየቅ «መንግሥት» ብሎ እንደ መመለስ ያለ ነው። ክስ ያለበት ሰው እንዲህ ያለ መልስ ይዞ የትም አይደርስም።

በክፍላችን ክርክር ላይ እንደ ምሳሌ የሚደጋገም አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «አውሮፓ በአንድ ድምፅ ትናገራለች፤ አፍሪካ ግን በሃምሳ አምስት፤ ስለዚህ በድርድር እንሸነፋለን» የሚለው ነው። ይህን አባባል ልንመረምረው ተነሥተናል፤ እንደምናምነውም እውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። አውሮፓ አንድ ድምፅ አላት ሲባል አንድ ጌታ አላት ማለት አይደለም። ድምፁ አንድ ሊሆን የቻለው ሥልጣኑ በብዙ ቤቶች መካከል ስለ ተከፋፈለና አከፋፈሉም አንቀጽ በአንቀጽ ስለ ተጻፈ ነው። እኛ ዘንድ የጐደለውም ይኸው ጽሕፈት ይመስለናል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።)

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፤ በ1957 በሮማ የተፈረመው ውል ፈረንሳይን፣ ምዕራብ ጀርመንን፣ ኢጣሊያን፣ ቤልጅግን፣ ኔዘርላንድንና ሉክሰምበርግን በአንድ የጋራ ገበያ አስተሳሰረ። ለስድስቱ አገሮች አንድ የውጭ ቀረጥ ከተደነገገ፣ ከስድስቱ አንዱ ብቻውን ሄዶ ከውጭ መንግሥት ጋራ ስለ ቀረጥ ሊዋዋል አይችልም፤ ቢዋዋል የጋራው አጥር ይፈርሳልና። ስለዚህ ውሉ በ113ኛው አንቀጽ ሥራውን አከፋፈለ። «ከእገሌ አገር ጋራ እንደራደር» ብሎ ሐሳብ የሚያቀርበው ኮሚሲዮኑ ነው፤ የሚፈቅደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ከተፈቀደ በኋላ በድርድሩ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ኮሚሲዮኑ ነው፤ ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ የሾመው አንድ ልዩ ኮሚቴ አጠገቡ ሆኖ ይመክረዋል፣ ቃሉንም ይከታተላል። ፍጻሜው ላይ ውሉን የሚቀበለው ወይም የሚጥለው ምክር ቤቱ ነበር። ያ ኮሚቴ ከአንቀጹ ቍጥር የተነሣ ለብዙ ዓመታት «የ113 ኮሚቴ» ሲባል ኖረ፤ ዛሬ የንግድ ፖሊሲ ኮሚቴ ይባላል። ጋዜጦች እምብዛም አይጽፉለትም። እኛ ግን የብራስልስን አሠራር ለሚያጠና ተማሪ ከብዙ ታላላቅ ጉባኤዎች ይልቅ ይህ ኮሚቴ ይጠቅመዋል እንላለን።

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሁለት ቁልፎች ነበሩት፤ አንዱ በርእሰ መምህሩ፣ ሁለተኛው በሒሳብ ሹሙ እጅ። ጠመኔ ባለቀ ቍጥር ሁለቱን ሰዎች ፍለጋ የምንላከው እኛ ተማሪዎቹ ነበርን። ያን ጊዜ ከንቱ ድካም ይመስለን ነበር። ይሁን እንጂ ማንን መለመን እንዳለብን አንድም ቀን ጠፍቶን አያውቅም፤ ርእሰ መምህሩ ፈቅደው ሒሳብ ሹሙ እምቢ ያሉ እንደ ሆነም ልመናችንን ወዴት እንደምናዞር እናውቅ ነበር።

ሁለቱ ባለ ቁልፎች ሲጣሉ ዳኛው በሉክሰምበርግ የተቀመጠው ፍርድ ቤት ነው። የዓለም የንግድ ድርጅት ሊቋቋም በተቃረበ ጊዜ ኮሚሲዮኑ «ውሉን ብቻዬን ልጨርስ» ሲል አባል መንግሥታት ተቃወሙት። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 1994 በሰጠው አስተያየት የዕቃ ንግድ በሙሉ የማኅበሩ ሥልጣን መሆኑን፣ የአገልግሎት ንግድ አብዛኛው ክፍልና የአእምሮ ፈጠራ መብት ግን ከአባል መንግሥታት ጋራ የጋራ መሆኑን ወሰነ። በ2017 ስለ ሲንጋፖር ውል በተጠየቀም ጊዜ፣ ባለ ገንዘቦች መንግሥትን የሚከሱበት የዳኝነት ሥርዓት ያለ አባል መንግሥታት ፈቃድ ሊዋዋሉበት አይቻልም ሲል መለሰ። ልብ ማለት የሚገባው፣ ጠብ ሲነሣ የሚጠየቅ ዳኛ መኖሩንና ተከራካሪዎቹም ቃሉን ተቀብለው ወደ ሥራቸው መመለሳቸውን ነው።

እስከ 2009 ድረስ በዚህ ሁሉ ውስጥ የአውሮፓ ፓርላማ ድርሻ ትንሽ ነበር። በዲሴምበር 1 ቀን 2009 የጸናው የሊዝቦን ውል ግን የአገልግሎትን ንግድና የውጭ ቀጥታ መዋዕለ ንዋይን ወደ ኅብረቱ ሥልጣን ሲያስገባ ፓርላማውን ደግሞ ሦስተኛ ባለ ቁልፍ አደረገው። የንግድን ሕግ ከምክር ቤቱ ጋራ እኩል ያወጣል፤ ያለ እርሱ ፈቃድ የንግድ ውል አይጸድቅም፤ ኮሚሲዮኑም የድርድሩን አካሄድ ሊነግረው ግዴታ አለበት። ብዙዎች ይህን የወረቀት ሥልጣን ነው ብለው ገምተውት ነበር። በጁላይ 4 ቀን 2012 ግን ፓርላማው፣ አስመስሎ የተሠራ ሸቀጥን ለመከልከል ኮሚሲዮኑ የተደራደረበትን፣ ኅብረቱና 22 አባል መንግሥታትም የፈረሙበትን ውል በ39 ድጋፍ፣ በ478 ተቃውሞና በ165 ድምፅ ተአቅቦ ጣለው። በኦክቶበር 2016 ደግሞ ከአራት ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ያላት የቤልጅግ ክፍል ዋሎኒያ፣ ቤልጅግ ከካናዳ ጋራ የተደረገውን ውል እንዳትፈርም ከለከለች፤ ለ27 ተቀጥሮ የነበረው ጉባኤ ቀርቶ ውሉ በ30 ተፈረመ። ይህ ነው እንግዲህ «አንድ ድምፅ» የምንለው!

አንባቢ «ታዲያ ይህ ድካም እንጂ ኀይል ነውን?» ሊለን ይችላል። በአዳማ ገበያ ዕቃ የገዛ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ባለ ሱቁ «እኔስ በሰጠሁህ፤ ሸሪኬ ግን ከዚህ በታች አይለቀኝም» ሲለን፣ ሸሪኩ ባይታየንም ዋጋው አይወርድም። የኮሚሲዮኑ ተደራዳሪም «ምክር ቤቱ አይፈቅድልኝም፣ ፓርላማው ይጥልብኛል» ሲል የሚናገረው ውሸት አይደለም፤ የ2012ን ድምፅ ማስረጃ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በሌላው ወገን የተቀመጠው ተደራዳሪ ግን እንዲህ ያለ ሸሪክ ከሌለው «እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። የዚህ ዋጋ ደግሞ መዘግየት መሆኑን አንክድም፤ ከደቡብ አሜሪካው የመርኮሱር ማኅበር ጋራ በ1999 የተጀመረው ድርድር በ2019 «ተስማማን» ከተባለ በኋላ እንኳ ለዓመታት ሳይፈረም ቈይቶ ነበር።

ወደ ባቱ ጽጌረዳ እንመለስ። አበባው ያለ ቀረጥ የሚገባው በውል አይደለም። «ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም» የተባለው ድንጋጌ በፌብሩዋሪ 2001 የወጣ ሲሆን፣ እጅግ ያላደጉ በሚባሉት አገሮች መዝገብ ውስጥ ያሉት፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ዕቃቸውን ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲያስገቡ ፈቀደ። ሙዝ፣ ሩዝና ስኳር ብቻ ለጊዜው ተለይተው ነበር። (ስኳር በ2009 ነጻ ሲወጣ፣ በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ ጎረቤቶች ለሆንን ለእኛ ታላቅ ደስታ በሆነ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ አገራችን በእነዚያ ዓመታት ለራሷ የሚበቃ ስኳር አጥታ ከውጭ ትገዛ ነበርና መብቱ ብዙም አልረባንም።) ኢትዮጵያ በዚህ ድንጋጌ ላይ አልፈረመችም፤ አልተደራደረችበትምም። የሌላ ቤት ሕግ ነው። ስለዚህ በሌላው ቤት ውስጥ ቁልፉ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ማወቅ ለእኛ የጠቅላላ ዕውቀት ነገር አይደለም፤ የባቱ ሠራተኛ እንጀራ ያለበት ነውና።

በ2001 ድንጋጌውን ያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብቻውን ነበር። በ2012 ወጥቶ ከጃኑዋሪ 2014 ጀምሮ የተሠራበትን ሕግ ግን ፓርላማውና ምክር ቤቱ በእኩልነት አወጡት። መብቱን የመንሣት ሥራ ደግሞ ለኮሚሲዮኑ ተሰጠ። በሰብአዊ መብትና በሠራተኞች መብት ላይ ከባድና የተደጋገመ ጥሰት ያየ እንደ ሆነ ኮሚሲዮኑ ምርመራ ይከፍታል፤ መርምሮም መብቱን የሚነሣ ውሳኔ ያወጣል፤ ፓርላማው ወይም ምክር ቤቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተቃወሙ ውሳኔው ይጸናል። የካምቦዲያ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ኮሚሲዮኑ በፌብሩዋሪ 2020 ወሰነ፤ ከኦገስት 12 ጀምሮ ካምቦዲያ ወደ አውሮፓ ትልከው ከነበረው ዕቃ አንድ አምስተኛ ያህሉ ቀረጥ ተመለሰበት። መብቱን ለመስጠት ሁለት ቤቶች መስማማት ሲኖርባቸው፣ ለመንሣት ግን የኮሚሲዮኑ ውሳኔና የሁለቱ ቤቶች ዝምታ ይበቃል ማለት ነው።

ከዚህ ጋራ የአሜሪካንን አሠራር ማመሳከር ይጠቅማል። አሜሪካ በ2000 ለአፍሪካ አገሮች የሰጠችው ከቀረጥ ነጻ መብት በኮንግሬስ ሕግ የወጣ ነው፤ ማን እንደሚገባውና እንደማይገባው በየዓመቱ የሚወስነው ግን ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ነው። ኢትዮጵያ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከመዝገቡ ተሰረዘች። በሐዋሳ ፓርክ የነበረው ታላቅ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ገና ቀኑ ሳይደርስ በኖቬምበር 2021 ነበር፤ በ2018 በተመረቀው በአዳማው ፓርክ በኩል የሚያልፍ ሰውም ይህ ዜና ለልብስ ሰፊዎች ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያቅተውም። አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው በር በአንድ ሌሊት ይዘጋል። የብራስልሱ በር ሲዘጋ ጊዜ ይወስዳል፤ ያም ጊዜ መግቢያውን ለሚያውቅ ሰው የመከራከሪያ ጊዜ ነው።

ቡናም ሌላ ምሳሌ ይሰጠናል። ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ አውሮፓ እንዳይገባ የሚከለክለውን የ2023 ሕግ ያወጡት ፓርላማውና ምክር ቤቱ ናቸው። አስመጪው የእያንዳንዱን ማሳ ቦታ በካርታ እንዲያመለክት ያዝዛል፤ ይህም ማሳው ከግማሽ ሄክታር ለማይበልጥ ገበሬ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። በ2024 ኮሚሲዮኑ ሕጉ በአንድ ዓመት ይዘግይ አለ፤ ፓርላማው መዘግየቱን ተቀብሎ ሕጉን ራሱን ሊለውጥ ሞከረ፤ ምክር ቤቱ ለውጡን እምቢ አለ፤ በመጨረሻ መዘግየቱ ብቻ ጸደቀ። በ2025 መጨረሻም ዳግመኛ ለአንድ ዓመት ተላለፈ። በእነዚህ ወራት ውስጥ «አውሮፓ ምን አለች?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሦስት ልዩ ልዩ መልስ ያገኝ ነበር፤ ሦስቱም እውነት ነበሩ።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን እንምጣ። በ2000 በኮቶኑ የተፈረመው ውል የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ አገሮች በቡድን ሆነው ከአውሮፓ ጋራ አዲስ የንግድ ውል እንዲዋዋሉ ባዘዘው መሠረት፣ ኢትዮጵያ በ2004 ድርድሩን በጀመረው በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ቡድን ውስጥ ገባች። ቡድኑ ግን የጋራ ቀረጥ የለውም፤ አባሎቹ አንዳንዶቹ በኮሜሳ፣ አንዳንዶቹ በኢጋድ፣ አንዳንዶቹ በሁለቱም ውስጥ ነበሩ። ስለ ማን ሆኖ ይናገራል? እምቢ የማለት ሥልጣንስ የማን ነው? ፍጻሜው እንደሚጠበቀው ሆነ፤ በኦገስት 2009 ሞሪሺየስ፣ ሲሸልስ፣ ማዳጋስካርና ዚምባብዌ ጊዜያዊውን ውል ፈረሙ፤ ኢትዮጵያ አልፈረመችም። የ2001ን ድንጋጌ ይዛ ስለ ነበረ ባለመፈረሟ ያጣችው ነገር አልታየም። እኛ የአገራችን መንግሥት ያን ጊዜ ተሳሳተ አንልም። ነገር ግን የቡድኑ ድርድር ከሽፎ ሳለ እኛን ስላልጐዳን ብቻ ከዚያ ሳንማር ቀርተናል።

የተማረችው፣ ያውም በግድ፣ ኬንያ ናት። በስምጥ ሸለቆአችን በደቡብ በኩል ናይቫሻ የምትባል ሌላ የሐይቅ ዳር ከተማ አለች፤ እርሷም እንደ ባቱ በጽጌረዳ ትኖራለች። ኬንያ እጅግ ያላደገች አገር ስላልሆነች የ2001 ድንጋጌ አይጠቅማትም፤ አበባዋ ያለ ቀረጥ የሚገባው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ከአውሮፓ ጋራ ውል እንዲፈራረም በተሰጠው የጊዜ ገደብ ውስጥ ብቻ ነበር። ገደቡን ያበጀው ማን ነበር? ኮሚሲዮኑ እስከ ጃኑዋሪ 2014 ብቻ ይሁን ሲል ፓርላማው እስከ 2016 ይራዘም አለ፤ በድርድር ኦክቶበር 1 ቀን 2014 ሆነ። ይኸውም ስለ ናይቫሻ ሠራተኛ ዘጠኝ ወር የጨመረው የብራስልስ ፓርላማ ነበር ማለት ነው፤ በናይሮቢም በአሩሻም ያለ ማንም ቢሆን ሊጨምረው አይችልም ነበር።

ያ ቀን ሲደርስ የማኅበሩ አባሎች ገና አልተስማሙም ነበር፤ በኬንያ አበባ ላይ እስከ 8.5 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። ድርድሩ ኦክቶበር 16 ተጠናቀቀ፤ መብቱ የተመለሰው ግን በልደታቸው ቀን በዲሴምበር 25 ነው። ታንዛንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ በእነዚያ ሳምንታት ምንም አልከፈሉም፤ እነርሱ እጅግ ባላደጉት መዝገብ ውስጥ ናቸውና። የክፉው ሥር እዚህ ላይ ነው። ማኅበሩ ውሉ በአባሎቹ ሁሉ ፊርማ እንዲጸና ስለሚፈልግ፣ የማይጐዳው አገር ቁልፉን ይይዛል፤ የሚጐዳው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በሴፕቴምበር 2016 ኬንያና ሩዋንዳ ፈረሙ፤ ታንዛንያ እምቢ አለች። ታንዛንያ ያቀረበችው ምክንያት፣ የአውሮፓ ሸቀጥ ጀማሪ ፋብሪካዎቻችንን ይገድላል የሚለው፣ ሊናቅ የማይገባው ነው፤ ኬንያም ስለ አበባዋ መጮኋ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሁለቱን እውነት ሚዛን ላይ አስቀምጦ ይህ ይለፍ፣ ይህ ይቅር የሚል ቤት በማኅበሩ ውስጥ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2021 የመሪዎቹ ጉባኤ የሚፈልግ አባል ብቻውን ይቀጥል ብሎ ፈቀደ፤ ኬንያም ብቻዋን በዲሴምበር 2023 ፈርማ ውሉ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ጸና። የጋራ ቀረጥ ያለው ማኅበር አንድ አባሉን ለብቻዋ እንድትዋዋል ሲለቅ፣ በሮማው ውል መነጽር ስናየው፣ አጥሩን በገዛ እጁ እንደ ከፈተ ይቈጠራል።

ይህን የመሰለ ነገር በመላው አፍሪካ ደረጃ እንዳይደገም ምን ተደርጓል? በማርች 2018 በኪጋሊ የተፈረመው፣ በሜይ 2019 የጸናው የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠና ስምምነት አራት አካላት አሉት፤ የመሪዎች ጉባኤ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ የከፍተኛ የንግድ ሹማምንት ኮሚቴና በአክራ የተቀመጠው ጽሕፈት ቤት። ስምምነቱን በጥንቃቄ አነበብነው። ስለ አባሎቹ የእርስ በርስ ንግድ ብዙ ይናገራል፤ ስለ ክርክር ዳኝነትም ራሱን የቻለ ፕሮቶኮል አለው። ከውጭ መንግሥት ጋራ ማን ይደራደር፣ ማን ይፍቀድ፣ ማን ይቈጣጠር የሚል አንቀጽ ግን የለውም። አባል አገር ከውጭ ጋራ እንዲዋዋል ተፈቅዶለታል፤ የተሻለ ነገር የሰጠ እንደ ሆነ በአጸፋ ለሌሎቹም እንዲሰጥ ብቻ ነው። በ2018 አጋማሽ መሪዎቹ በኑዋክሾት ተሰብስበው ከውጭ ጋራ በአንድ ድምፅ እንናገር ብለው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በጁላይ 2020 ኬንያ ከአሜሪካ ጋራ ለብቻዋ ድርድር ከፈተች። ኬንያን የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በየትኛው አንቀጽ እንደ ጣሰች ለማግኘት ፈልገን አጣን። ያልተጻፈ ሕግ አይጣስም።

አንድ መምህራችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይተው «አፍሪካ ሉዓላዊነቷን በቅርቡ ያገኘች ናት፤ የንግድ ሥልጣኗን ለአክራ ሹማምንት አስረክቡ ማለት ቀላል አይደለም» ሲሉ ተቃውመውናል። ተቃውሟቸው ትክክል ነው። እኛም አስረክቡ አላልንም። የሮማው ውል ሥልጣንን ለኮሚሲዮኑ ሲሰጥ ኮሚቴውን አጠገቡ ያስቀመጠው መንግሥታቱ ስላላመኑት ነበር። አለመተማመናቸውን ጽፈው ሥርዓት አበጁለት። የኛም መንግሥታት የማይተማመኑ ከሆነ ለጽሕፈት ቤቱ በአንድ ጉዳይ ብቻ፣ ለምሳሌ በቡናው ሕግ ላይ፣ የመነጋገር ውክልና ሰጥተው፣ ከቡና አምራች አገሮች የተውጣጣ ኮሚቴ አጠገቡ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። የጋራ ቀረጥ እስኪኖር ድረስ ለመጠበቅ ይህ ሥራ ምክንያት አይሆነውም።

የገዛ ቤታችንንም ሳናይ ማለፍ አይገባም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት የውጭ ንግድን መቈጣጠር ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጥ፣ አስፈጻሚው የተዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል ይላል። የነጻ ንግድ ቀጠናው ስምምነት የተፈረመ በማርች 2018፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው በማርች 2019 ነው። ጥያቄው ከመፈረሙ በፊት ነው። ምክር ቤቱ የሚጠየቀው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ከሆነ፣ ተደራዳሪያችን «ምክር ቤቱ ይጥልብኛል» ብሎ ዋጋ ሊያስጠብቅ አይችልም፤ የአዳማውን ባለ ሱቅ ሸሪክ ያጣል። ባቱም ቆቃም በኦሮሚያ ናቸው፤ የክልሉ ሹማምንት መሬቱንና ውሃውን ሲያስተዳድሩ፣ በዚያ ውሃ የበቀለው አበባ ስለሚሸጥበት ሕግ ግን የሚጠየቁበት የታወቀ መንገድ አላገኘንም። ዋሎኒያን የሚያህል ሥልጣን ይኑራቸው አንልም፤ መስማት ግን ይገባቸዋል።

ይህን ሁሉ ለማለት ያነሣሣን አንድ የቅርብ ነገር አለ። የ2012ቱ የአውሮፓ ሕግ በ2023 መጨረሻ ማብቃት ነበረበት። ኮሚሲዮኑ በሴፕቴምበር 2021 አዲስ ሕግ አቀረበ፤ ምክር ቤቱና ፓርላማው በጊዜው መስማማት ስላልቻሉ አሮጌው እስከ 2027 መጨረሻ እንዲራዘም ተወሰነ። ካልተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ የማይቀበል አገር ከቀረጥ ነጻ መብቱን ይጣ የሚለውን ሐሳብ ምክር ቤቱ አጥብቆ ያዘው፣ ፓርላማው ተቃወመው። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በኤፕሪል 2024 ያው ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ ተመላሾችን በመቀበል በኩል በቂ ትብብር አላደረገችም ብሎ በኢትዮጵያውያን የቪዛ አሰጣጥ ላይ ገደብ ጥሏል። እንግዲህ በፍራንክፈርት ያለ አንድ ስደተኛ ጉዳይና በባቱ የሚታሸግ ጽጌረዳ በአንድ ሕግ ረቂቅ ውስጥ ተገናኝተው ነበር፤ ለባቱ የሚከራከረውም ቤት የትኛው እንደ ሆነ የታወቀ ነበር። በፓርላማው የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚቴ ስብሰባዎች አብዛኞቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ አገራችንም በብራስልስ ኤምባሲ አላት።

በእነዚያ ዓመታት ከባቱና ከቆቃ እርሻዎች ወደዚያ ኮሚቴ የተላከ ደብዳቤ ኖሮ እንደ ሆነ፣ ካለም በማን በኩል እንደ ተላከ፣ ከእርሻዎቹ አስተዳዳሪዎችና ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጠይቀን ያገኘነውን በሚመጣው እትም እናቀርባለን። በዚህ ጉዳይ ሰነድ ያለው አንባቢ በአዘጋጆቹ በኩል ቢያደርስልን ምስጋናችን የላቀ ነው።